ቆርቆሮው ከወጣ በኋላ

ታኅሣሥ ነው። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፣ ጭዱ ተከምሯል፣ የሰዉ እጅ ፈታ ብሏል። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ መንደር፣ አመዳዩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሳ የፈረስ ጋሪ እየተንገጫገጨ ይደርሳል። የጫነው ሠላሳ አራት ቆርቆሮ ነው። ጋሪው በየጉድጓዱ ሲነጥር ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ ድምፁን የሰሙ ልጆች ከየቤቱ እየወጡ ይከተሉታል። ቆርቆሮ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ማወቅ በገጠር የዋዛ ወሬ አይደለም።

የሚሄደው ባላቸው ከሞቱ ዓመታት ወዳለፏቸው አንዲት እናት ቤት ነው። ገንዘቡን የላከችው ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ናት። ግድግዳው አምና ቆሟል፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ። ክረምቱን በላስቲክ ተሸፍኖ አለፈ። ዛሬ አናጢው ከሁለት ረዳቶቹ ጋር መጥቷል፣ ጎረቤት ተጠርቷል፣ ጠላው ደርሷል።

አናጢው ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ወጣ። እናት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ ከታች ሆነው አንጋጠጡ።

«ልጄ፣ ሚስማሩን ከየቱ ላይ ነው የምትመታው? የታች ቤቶቹ ያፈስሳሉ እኮ።»

«አይስጉ እማማ፣ ከጉብታው ላይ ነው። ውሃ በቦዩ ይወርዳል፣ ሚስማር ጉብታው ላይ ይቀመጣል።»

«ንፋሱንስ?»

«እሱን ዳር ዳሩን አጠብቅለታለሁ።»

የቆርቆሮ ጣሪያ እንዲጸና ወይም እንዲያፈስ የሚያደርገው አብዛኛው ነገር በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ አለ። በቦዩ ላይ የተመታ ሚስማር ከራሱ ሥር ያለው ጎማ እስኪሰነጠቅ ድረስ ችግሩ አይታይም፤ ጎማው ያረጀ ቀን ግን ጣሪያው ላይ የሚወርደው ውሃ ሁሉ በዚያ ቀዳዳ አጠገብ ያልፋል። አናጢው ሥራውን የጀመረውም ከተገኘው ጫፍ አይደለም። ነፋሱ በብዛት ከሚመጣበት በተቃራኒ ካለው ጫፍ ተነስቶ፣ እያንዳንዱን ቆርቆሮ በፊተኛው ላይ አንድ ጉብታ ተኩል ያህል እያስደረበ ወደ ነፋሱ ይገሰግሳል። እንዲህ ሲሆን የድርቡ አፍ ለነፋስ ጀርባውን ይሰጣል፤ ዝናብ እየተገፋ ሊገባበት አይችልም።

ለመሆኑ ይህን ያህል ስስ ብረት እንዴት የሰው ክብደት ይችላል? አንድ ወረቀት በሁለት መጻሕፍት መካከል ቢዘረጋ መሃሉ ይረግባል። ያንኑ ወረቀት እንደ ማራገቢያ አጣጥፎ ለዘረጋው ሰው ግን እርሳስ ይሸከምለታል። በወረቀቱ ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ ጥንካሬው ከእጥፉ ነው። ይህን ሐሳብ ለብረት ያዋለው የለንደን ወደብ መጋዘኖችን ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። የመጀመሪያዎቹ ጣሪያዎች ግን ቀለም ካልተቀቡ ዝገት ይበላቸው ነበር። መፍትሔው ከስምንት ዓመት በኋላ ከፈረንሳይ መጣ፤ ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ እየነከሩ የማልበስን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዚንክ ብረቱን ሸፍኖ ብቻ አይቀመጥም። ቆርቆሮው ሲጫር፣ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል። ቆርቆሮ የሚለው ቃላችን በድሮ ትርጉሙ የሌላ ማዕድን ስም ነው፤ ጣሪያችን ላይ ያለው ግን ዚንክ የለበሰ ብረት ነው።

ገበያ ላይ የቆርቆሮ ውፍረት የሚጠራው በ«ጌጅ» ሲሆን፣ ቁጥሩ ብዙ ገዢ ያሳስታል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብረቱ ይሳሳል። ባለ 28 ጌጁ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ፣ ርካሹ ባለ 35 ግን 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ግማሽ ማለት ነው። በዓይን ይህን መለየት አስቸጋሪ ነው፣ ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ እኩል ያብረቀርቃሉና። ሚዛን ግን አይዋሽም። ባለ ሁለት ሜትሩ ስስ ቆርቆሮ ወደ 3 ኪሎ ሲመዝን፣ ወፍራሙ እጥፍ ይሆናል። አንድ ገበሬ የጤፍ ሚዛን ባለበት ገበያ ቆርቆሮ ሲገዛ አስመዝኖ እንዲገዛ የሚነግረው ሰው ቢኖር ብዙ ጣሪያ ዕድሜ ይጨምር ነበር። የዚንኩ ልባስ ውፍረት ደግሞ በሚዛንም በዓይንም በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ ሁለቱም ልኮች ቆርቆሮው ጀርባ ላይ በግልጽ ታትመው ሊወጡ ይገባል። ለዕድሜ ልክ የሚገዛ ዕቃ እንደ ጨው በግምት መሸጥ የለበትም።

በእኚህ እናት ቤት የወጣው ስሱ ነው። የልጅቷ ገንዘብ የደረሰው እስከዚያ ነበር። ሠላሳ አራቱም ቆርቆሮ ቢደመር ክብደቱ አንድ ኩንታል ገደማ ነው፤ አርባ ካሬ ሜትር መሬት የሚሸፍን ቤት ጣሪያ ከአንድ ጆንያ ጤፍ ብዙም አይከብድም። የሣር ክዳን ዝናብ ሲጠጣ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ለሚያውቅ ይህ ለእንጨቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ጦሱም እዚያው ላይ አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ30 ኪሎ በላይ ኃይል ያሳርፋል፤ ቆርቆሮው በካሬ ሜትር የሚመዝነው ግን 2 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ነፋስ በጣሪያ አናትና ጠርዝ ላይ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ታች አይጫንም፣ ወደ ላይ ይስባል። የትምህርት ቤት ጣሪያ በማዕበል ተገንጥሎ ሄደ የሚል ዜና በየዓመቱ የሚሰማው ለዚህ ነው። አናጢው «ዳር ዳሩን አጠብቅለታለሁ» ያለው የሚያውቀውን ነው፤ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ሚስማሩን በየጉብታው ይመታል፣ መሃል ላይ ያሳሳዋል። ወራጁንም ከቋሚው ጋር በሽቦ ጠፍሮ አስሯል። ቆርቆሮው ከተመታበት ሞራሌ ጋር ቢጣበቅም ሞራሌው ከግድግዳው ካልታሰረ፣ ነፋስ ሁሉንም አንድ ላይ ይዞት ይሄዳል።

ቆርቆሮ ወደዚህ አገር ሲገባ የመኳንንት ዕቃ ነበር። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ነው። ከዚያ በፊት ከባሕር ማዶ የመጣ እያንዳንዱ የብረት ቅጠል በግመልና በበቅሎ ጀርባ ደጋውን መውጣት ነበረበት። በምኒልክ አዲስ አበባ ሕንዳውያንና አርመናውያን ግንበኞች ከአገሬው ባለሙያ ጋር የሠሯቸው፣ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች ቆርቆሮ ሲለብሱ፣ የተራው ሰው ቤት ሣር እንደለበሰ ቀረ። ዛሬ ሣር ቤት የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሣር ክዳን ቤቶቹ ነው። ስሙ ቀርቷል፤ ሣሩን ግን እዚያ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

በዚያው ዘመን የገባ ሌላ ነገር ከቆርቆሮ ጋር ባልንጀራ ሆነ፦ ባሕር ዛፍ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ እንጨት ይፈልጋል፤ የጎበጠ ወራጅ ላይ ድርቡ አይገጥምም። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎና ቶሎ ያድጋል። በሸዋና በጎጃም ደጋ ብዙ ገበሬ አጣና ሸጦ ቆርቆሮ ገዝቷል፣ ቆርቆሮውንም በራሱ ባሕር ዛፍ ላይ አስቀምጧል።

ሣሩን ያሸነፈው ግን የቆርቆሮ ማማር ብቻ አይደለም። ሣሩ ራሱ ጠፋ። ለክዳን የሚሆን ሰንበሌጥ የሚበቅልበት ወል መሬት ሲታረስ፣ የቀረውን ደግሞ ከብቱ ሲፈልገው፣ ጎጆ መክደን ከዓመት ዓመት ውድ እየሆነ መጣ። ሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ለዚያውም አጫጅ፣ ተሸካሚ፣ ከዳኝ ይፈልጋል፤ ለመጡት ሁሉ ድግስ ያስፈልጋል። አይጥ ይገባበታል፣ እሳት ይበላዋል። ባል የሞተባት ሴት ከዳኝ ለምና ማስከደን እንዴት እንደሚከብዳት እኚህ እናት በቃል ባይናገሩም፣ ከጋሪው የሚወርደውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ያያቸው ይገባዋል።

ይህ እኛ ጋ ብቻ አይደለም፤ በምዕራብ ኬንያ ራሪዬዳ በሚባል አካባቢ ለድሆች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ ሲሰጥ፣ ተቀባዮቹ የተመረጡት በሣር ክዳናቸው ነበር፤ ሣር ክዳን የድህነት ምልክት ሆኖ ተወሰደ ማለት ነው። ገንዘቡ ሲደርሳቸው ብዙዎቹ ቆርቆሮ ገዙ። ይህን እንደ ከንቱ ታይታ የሚቆጥር አለ፤ ስህተት ነው። በየጊዜው ለሣር የሚወጣውን ወጪና ጉልበት ያሰላ ሰው ቆርቆሮ ትርፍ ያለው ግዢ መሆኑን ያገኘዋል። ከዓረብ አገር ገንዘብ የምትልከው ልጅም ቀድማ የምታስበው የእናቷን ጣሪያ መሆኑ ምንም አያስገርምም።

ቆርቆሮ የቤቱን ቅርፅም ቀይሮታል። ጎጆ ክብ ነው፤ በመሃሉ ምሰሶ አለው፣ ወራጁ ሁሉ ከአናቱ ይገናኛል። ቆርቆሮ ግን ከፋብሪካ የሚወጣው አራት ማዕዘን ሆኖ ነው። ክብ ጣሪያ ላይ ለማልበስ እያንዳንዱን ቅጠል እንደ ቁራሽ ዳቦ በሰያፍ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ብዙው ይባክናል፣ የተቆረጠው ጠርዝም ለዝገት ይጋለጣል። በገጠር ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ሣራቸውን በቆርቆሮ ሲለውጡ ምእመናኑ ይህን ወጪ ለእምነታቸው ሲሉ ችለውታል። ለመኖሪያ ቤት ግን ማንም አይችለውም። ስለዚህ ቤቱ ራሱ ማዕዘን አወጣ። ማዕዘን ሲያወጣ ጓዳና ሳሎን ተለየ፣ አልጋ ከግድግዳ ተጠጋ፣ በር ላይ ቁልፍ ገባ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የአንድ አገር የቤት ቅርፅ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ሲሄድ፣ አንዱ ምክንያት የአንድ ብረት ቅጠል ቅርፅ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ሁሉም አካባቢ ይህን በእኩል ደስታ አይቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሐረር ጀጎል ውስጥ የጥንቱ ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋና በአፈር የተደለደለ ነው፤ ዛሬ ከብዙዎቹ በላይ ቆርቆሮ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ውበቱ ከድንጋይ እርከኑ ባልተናነሰ በጣሪያዎቹ ነው፤ በሣር ክዳናቸው፣ አናታቸው ላይ በሚደፋው ገል። ቅርስ ጠብቁ የሚል ሰው ሣሩ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚያጭደው አብሮ መመለስ አለበት።

ወደ ደጋው ቤት እንመለስ። ቀትር ላይ የመጨረሻው ቆርቆሮ ወጣ፤ በጣሪያው አናት ላይ የሚታጠፈው ክዳን ተመታ፤ እልልታ ሆነ። አብዛኛው ሰው ቤቱ አለቀ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በጠራ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ቀን የጋለው ብረት ሌሊት ከውጪው አየር ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ቀዝቃዛ አገር የሰው ትንፋሽና የቡና ጀበና እንፋሎት ሽቅብ ወጥቶ ያን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ሊነጋጋ ሲል ጠብ ጠብ ይላል። አዲስ ቤት የገባ ሰው ጣሪያዬ ያፈስሳል ብሎ አናጢ ይከስሳል፤ ጣሪያው ግን አላፈሰሰም፣ አላበው እንጂ። የጎጆ ሣር እርጥበቱን ይመጠዋል፣ ጢሱንም ያሳልፋል፤ በሣሩ መሃል ሰርጎ የሚወጣው ጢስ እንጨቱን አጥቁሮ ከተባይ ይጠብቀው ነበር። ቆርቆሮ ጢስ አያሳልፍም። እሳቱ እዚያው ቤት ውስጥ ከቀጠለ ጢሱ ተመልሶ የእናትንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን በራሱ ብልሃት ፈትቶታል። በጉራጌም በሸዋም ከቆርቆሮ ቤቱ ጎን ጎጆው ሳይፈርስ ይቀራል፤ እንጀራው እዚያ ይጋገራል፣ እንግዳው እዚህ ይቀመጣል።

በቆላ ጉዳዩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጋምቢያ የወጣ አንድ ጥናት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለው የቀን ሙቀት የወባ ትንኝን ዕድሜ እንደሚያሳጥር አሳይቷል። ጥሩ ዜና ነው፤ ግን ሙቀቱ ትንኟን ብቻ መርጦ አያጠቃም። የሞቀበት ሰው አጎበሩን ጥሎ ውጪ ይተኛል። ስለዚህ የቆላ ቆርቆሮ ቤት ከጣሪያው ሥር በወንፊት የተከለለ የአየር መውጫ ሳይኖረው ቤት ሊባል አይገባም።

ሌላው ችግር ጩኸት ነው። በግንቦት ወይም በሰኔ ከሰዓት በኋላ፣ ኮርኒስ በሌለው የገጠር መማሪያ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ያውቀዋል። መጀመሪያ ጠብታው ይቆጠራል፣ ከዚያ አይቆጠርም። መምህሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ እንደገና ከፍ ያደርጋል፣ በመጨረሻ ጠመኔውን ያስቀምጣል። ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ያለውን ይገለብጣሉ። በረዶ ከሆነ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። አንድ ተማሪ በዚህ መንገድ በዓመት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚያጣ የሚቆጥርለት የለም፤ መፍትሔው ግን የታወቀ ነው፣ ስሙም ኮርኒስ ነው። ከብረቱ ሥር አየር ትቶ የተዘረጋ ማንኛውም ነገር ሙቀቱንም፣ ላቡንም፣ ጩኸቱንም ይቀንሳል። በየገጠሩ የማዳበሪያ ጆንያ ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ተሰፍቶ ከወራጅ ወራጅ የሚወጠረው በዚህ ምክንያት ነው። እኚህ እናትም አሥራ ስድስት ጆንያ አጥበው አስቀምጠዋል።

ግድግዳን በቆርቆሮ ማልበስም የራሱ ጠባይ አለው። በየከተማው ዳር ዝናብ የሚመታውን የጭቃ ግድግዳ በቆርቆሮ መሸፈን የተለመደ ነው፤ ጭቃውን ከመታጠብ ያድነዋል። ቆርቆሮው ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ከተመታ ግን በመሃል የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ከውጪ ሲያዩት ደህና የሚመስል ግድግዳ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ብረቱም ከጀርባው ይዝጋል። በመሃል የቆመ ስስ ጣውላ አየር ይሰጠዋል። የታችኛው ጠርዝ ደግሞ አፈር መንካት የለበትም፤ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ ማብቃት አለበት። ሙሉ ግድግዳው ቆርቆሮ የሆነው የመንገድ ዳር ሱቅ ቀን ምድጃ ነው፣ ሌሊት ማቀዝቀዣ፤ እዚያ ውስጥ የሚያድር ሱቅ ጠባቂ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

የቆርቆሮ ትልቁ ስጦታ ግን እስካሁን ያልተነሳው ነው። ሣር ውሃን ያጠቁራል፣ ቆርቆሮ ግን እንደመጣ ይሰጠዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ ቦታ፣ አርባ ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣሪያ 36 ሺህ ሊትር ይቀበላል። አምስተኛው ፈሰሰ፣ ተነነ እንበል፤ 28 ሺህ 800 ይቀራል። በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 1,440 ጀሪካን ማለት ነው። ይህ ሁሉ በሴቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ከምንጭ ይመጣ የነበረ ውሃ ነው። አብዛኛው የሚወርደው በክረምት በመሆኑ፣ ሁሉንም ለማጠራቀም ትልቅ ጉድጓድ ወይም ሮቶ ይጠይቃል፤ አንድ በርሜል እንኳ ግን በዝናብ ቀን የአንድ ሰው ጉዞ ያስቀራል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ መደፋት አለበት፤ ለመጠጥ ከሆነም ማጣራትና ማፍላት ያስፈልጋል። ይህን ውሃ በደጅ ለማስቀረት መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ አሸንዳ ነው። በገጠር ግን ቆርቆሮ ኖሮት አሸንዳ የሌለው ቤት ስፍር ቁጥር የለውም፤ ውሃው ከጣሪያው ጠርዝ በቀጥታ ይወርድና የቤቱን መሠረት ይቦረቡራል። ውሃ ፍለጋ የምትሄደው ልጅ በዚያው ጠርዝ ሥር አልፋ ትወጣለች።

ጠላው ሲቀዳ፣ ሰዉ ሲመርቅ፣ አናጢው ከጣሪያው ወርዶ የተረፉትን ሁለት ቆርቆሮዎች አየ። ረዳቶቹ ሊጭኗቸው ነበር፤ ለጋሪው ባለቤት ተመልሰው በዋጋ ይታሰባሉ።

«እማማ፣ እነዚህን ባይመልሷቸው?»

«ምን ያደርጉልኛል? ቤቱ አልቋል።»

«ለውሃ ነው። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ቆርቆሮውን ግንድ ላይ አጋድሞ በመዶሻ ጉብታውን አስተኛ። በመቀስ በቁመቱ ለሁለት ሰነጠቀው፤ ከዚያ በሁለት ጣውላ መካከል ጨብጦ ዳርና ዳሩን አጠፈ። አራት አጭር ቦይ ወጣው። ጫፍ ለጫፍ አደራርቦ፣ በሽቦ ከወራጆቹ ጫፍ ላይ አንጠለጠለው፤ ወደ ጓሮው ማዕዘን ትንሽ አዘቅዝቆ። የጎረቤት ልጅ እንስራ ይዛ ልትወርድ ስትል ቆም ብላ ታየው ጀመር። አናጢው ከእንስራዋ ጥቂት ተቀብሎ በአንደኛው ጫፍ ጨመረው። ውሃው እየተንሿሿ ሄዶ በሌላኛው ጫፍ ወረደ።

ከአሮጌው ጎጆ ኋላ የቆየ በርሜል ነበር። ሁለት ወጣቶች እያንከባለሉ አምጥተው ድንጋይ ላይ አቆሙት። በልጉ እስኪመጣ ገና ሁለት ወር ይቀራል። እናት ግን ወደ ጎጆው ገብተው አሮጌ ሰፌድ ይዘው ወጡ፤ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ባዶውን በርሜል ከደኑት።